ሙስታንግ አልጀመረውም፣ ማዕቀቡም አልገደለውም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። ለኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው የአጎቴ ልጅ ነው፤ "ያንተ ጉዳይ ነው" የምትል ቃል ጨምሮበታል። ጽሑፉ ስለ አሜሪካ የድሮ ማስል ካሮች ነው፤ ተራ መኪና ውስጥ ትልቅ ሞተር ተጭኖባቸው ስለሚበሩት። ቋንቋው ቆንጆ ነው፣ ፎቶዎቹም ያስጎመጃሉ። ታሪኩ ላይ ግን አልተስማማንም።

ያላነበባችሁ ካላችሁ የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ማስል ካር የተወለደው ፎርድ ሙስታንግን ለሕዝብ ባቀረበበት በ1964 ነው። ስፖርት መኪና የአውሮፓ ጥበብ ነው፤ አሜሪካኖቹ የሚያውቁት ቀጥታ መንገድ ላይ መብረር ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ሞተሮች 450 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ የዛሬ መኪና አጠገባቸው አይደርስም። ብረቱ ብረት ስለነበረ ሰውም አይሞትባቸውም ነበር። በመጨረሻም በ1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣና ሁሉንም በአንድ ሌሊት ገደለው።

አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። በየተራ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ሙስታንግ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ወጣች። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ትእዛዝ ገባ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠች። ጸሐፊው ይህን በትክክል አስቀምጠውታል። እስቲ አሁን ኮፈኗን እንክፈተው። በዚያ ዋጋ የምትገዛው ሙስታንግ ውስጥ የተቀመጠው 101 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ከሥሯ ያለው ደግሞ ፎርድ ፋልከን ነው፤ ሰው ለሥራና ለገበያ የሚመላለስበት ርካሽ መኪና። ፎርድ ፋልከንን ጥሩ ሱፍ አለበሰው ማለት ይቻላል። ገንዘብ የጨመረ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያገኝ ነበር፣ እውነት ነው። ትልቁ 390 ሞተር (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) የገባላት ግን በ1967 ሞዴል ነው።

በራሷ ዓይነት እንኳ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የፕሊማውዝ ባራኩዳ ኤፕሪል 1 ላይ በ16 ቀን ቀድማታለች። የገበያውን ስም የወሰደችው ግን ሙስታንግ ናት፤ ያንን አልነፍጋትም።

ታዲያ ማስል ካርን ማን ጀመረው? እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ጀግና ስለሌለበት ነው። ያለው ፎርም የሚሞላ ሰው ነው።

በጃንዋሪ 1963 ጄኔራል ሞተርስ በሥሩ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ ከመኪና ውድድር አወጣ። ከነሱ አንዱ የሆነው ፖንቲያክ ደግሞ መኪናውን የሚሸጠው በውድድር ስም ነበር። ጾም ገባ ማለት ነው። ሌላም ደንብ ነበር፦ መካከለኛ መጠን ያለው መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ ሞተር አይገባበትም። የፖንቲያክ መሐንዲሶች፣ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረባው ቢል ኮሊንስ፣ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። የፖንቲያክ 326 ሞተርና ትልቁ 389 ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንዱ በተቀመጠበት ሌላው ይቀመጣል። ብሎን መቀየር እንኳ አያስፈልግም።

ደንቡስ? ደንቡ የሚናገረው አዲስ መኪና ሲወጣ አብሮት ስለሚመጣው መደበኛ ሞተር ነው። ደንበኛው ተጨማሪ ከፍሎ ስለሚያስገባው ዕቃ አያወራም። ስለዚህ 389ኙን እንደ ሬዲዮና እንደ ነጭ ጎማ በተጨማሪ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ከተቱት። ቴምፔስት ለማንስ ለሚባለው መኪና፣ 295 ዶላር ገደማ። ስሙን ጂቲኦ አሉት፤ ከፌራሪ ላይ ሳያፍሩ የወሰዱት ስም ነው። የፖንቲያክ አለቃ ፒት ኤስቲስ ፈቀደ። የሽያጭ ክፍሉ ግን ከ5 ሺህ በላይ አይሸጥም ብሎ ፈርቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ።

ይህ የሆነው በ1963 መጸው ነው። ሙስታንግ ገና ከስድስት ወር በላይ ይቀራታል።

ጂቲኦም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ኦልድስሞቢል በ1949 አዲሱን "ሮኬት" ቪ8 ቀለል ባለ ገላ ውስጥ አስገብቶ 88 ብሎ ሸጦታል። በዚያው ዓመት ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ሬድ ባይረን የነዳው ይህንኑ መኪና ነው። ክራይስለር ደግሞ በ1955 ባለ 300 የፈረስ ጉልበት መኪና አውጥቷል። "እውነተኛው የመጀመሪያው 88 ነው" ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አልጣላውም። የጂቲኦ ልዩነቱ ዋጋው ነው። የ20 ዓመት ልጅ ደሞዙን ይዞ ሄዶ የሚገዛው መኪና ነበር፤ የክራይስለሩ ግን የዶክተርና የጠበቃ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ አውሮፓ ይታጠፋል፣ አሜሪካ አይታጠፍም የሚለው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው መስጠት ያለብኝ ነገር አለ። የጄኔራል ሞተርስ ስፖርት መኪና የሆነችው የመጀመሪያዋ ኮርቬት ደካማ ነበረች። በ1953 ፍሊንት ከተማ ውስጥ 300 ብቻ ተሠሩ፤ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ወንበራቸው ቀይ። ስፖርት መኪና ተብላ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበራት። የበሯ መስታወት እንኳ አይወርድም አይወጣም፤ ዝናብ ሲመጣ አንስተህ ትገጥመዋለህ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ ለንደን ላይ ከቀረበችው ጃጓር ኤክስኬ 120 ጋር ማወዳደር ነውር ነው። ብዙዎቹ የ60ዎቹ ማስል ካሮችም መታጠፊያ ላይ እንደ አልጋ ይወዛወዙ ነበር። ይህን አልክድም።

ግን ታሪኩ 1953 ላይ አልቆመም። ዞራ አርከስ ደንቶቭ የሚባል፣ ብራሰልስ የተወለደ የሩሲያ አይሁዳውያን ልጅ በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ገባ። ኮርቬትን ሰው ያደረጋት እሱ ነው። በ1960 የብሪግስ ከኒንግሃም ቡድን ኮርቬቶችን ፈረንሳይ አገር ወደሚካሄደው "ለማን" ወደሚባለው ውድድር ወሰደ፤ ጆን ፊችና ቦብ ግሮስማን የነዷት ከነሙሉ ተወዳዳሪው 8ኛ ወጥታ ምድቧን አሸነፈች። ለማን 24 ሰዓት ነው። ያለ መታጠፍ 24 ሰዓት አይነዳም። በ1963 ሞዴል ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚሠሩ ሆኑ፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ጋሪ ወጥ አክስል የለም።

አውሮፓስ ያን ያህል ንጹሕ ነው? የ1954ቷ መርሴዲስ 300ኤስኤል፣ ያቺ በሯ ወደ ላይ እንደ ክንፍ የሚከፈተው፣ መታጠፊያ መሀል እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ያነሳህ እንደሆነ ጀርባዋ ይቀድምሃል። የመጀመሪያዎቹ ፖርሽ 911ዎች ደግሞ ጅራታቸው ስለሚከብድ ኩባንያው የፊት ፓራውልት ውስጥ የብረት ክብደት ደበቀበት። መኪናው አፍንጫው እንዲረጋ። በ1969 ሞዴል ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ርቀት ጨምሮ ነው የተገላገለው።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን የድንበሩ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ወገኖች በአጥር ለይተዋቸዋል። አጥሩን እኔ አላየሁትም። ያቺ መርሴዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ጀርመን አይደለም፤ ኒው ዮርክ ነው። ማክስ ሆፍማን የሚባል ኦስትሪያ የተወለደ የኒው ዮርክ አስመጪ እገዛለሁ ብሎ ስለገፋ ነው ለገበያ የተሠራችው። ከ1,400ዎቹ አብዛኞቹ አሜሪካ ገቡ። ኮብራን ውሰዱ። ገላዋ ከእንግሊዝ አገር ከኤሲ ኩባንያ የመጣ ነው፤ ሞተሯ ፎርድ፤ ባለቤቷ ካሮል ሼልቢ የቴክሳስ ሰው። በ1965 የጂቲ ዓለም ዋንጫን ከፌራሪ ነጥቃለች። በ1966 ለማን ላይ ፌራሪን ያሸነፈው ፎርድ ጂቲ40ም የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። የነዱት ብሩስ ማክላረንና ክሪስ ኤመን የኒው ዚላንድ ልጆች ናቸው። ይህ የአሜሪካ ድል ነው ወይስ የማን? እኔ ቅይጥ ነው የምለው።

አሁን የፈረስ ጉልበቱ።

450 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። የ1970 ሼቬል ኤስኤስ ኤልኤስ6 ሞተር በካታሎጉ 450 ተብሎ ነው የተጻፈው። ጥያቄው 450 እንዴት ተለካ ነው። ነገሩ እንደ ደሞዝ ነው። ውል ላይ የተጻፈ ጥቅል ደሞዝ አለ፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅህ የሚገባ የተጣራ ደሞዝ አለ። ያኔ ፋብሪካዎቹ ያወሩ የነበረው ጥቅሉን ነው። ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው መለኪያ ላይ ያስቀምጡታል። የአየር ማጣሪያ የለም፣ ዲናሞ አይጎትትም፣ ማርሚታ የለም፤ ጭሱ በቀጥታ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሞተር ጎረምሳ ነው። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ የሚጻፈው የተጣራው ሆነ። በመሀል በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሁለቱንም አወጣ። የዚያ ዓመት ኮርቬት ኤልኤስ6 በጥቅል 425፣ በተጣራ 325 ነው። ሞተሩ አንድ ነው። መቶ ፈረስ ወረቀት ላይ ቀረ።

አሁን ወደኛ ሰፈር። ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ቶዮታ ካምሪ እስከ ቅርብ ጊዜ 301 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ የተጣራ። በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። በዚያ ዘመን በመጽሔት ከተፈተኑት ማስል ካሮች ብዙዎቹ ከዚያ ዘግይተዋል። ዲሲ ውስጥ ኤርፖርት የሚያደርስህ የሐበሻ ካምሪ የአባቱን ዘመን ጂቲኦ መብራት ላይ ትቶት ሊሄድ ይችላል፤ ያውም ኤሲ ከፍቶ።

ስለ መጽሔቶቹ ካነሳን፣ በ1964 ጂቲኦን ከፌራሪ ጋር አወዳድሮ ዝናውን ሰማይ ያደረሰው ፈተና ላይ የቀረበው መኪና 389 አልነበረውም። የፖንቲያክ የማስታወቂያ ሰው ጂም ዋንገርስ ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳመነው፣ ውስጡ ትልቁ 421 ሞተር ነበር።

በሌላ በኩል ግን ጸሐፊውን የሚደግፍ ነገር አለ፤ እሳቸው ባያነሱትም። አንዳንዱ ሞተር ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ተጽፏል። የኮርቬት ኤል88 በወረቀት 430 ነው፤ እውነቱ ከ500 በላይ ነበር። የካማሮ ዜድ28 290 ተብሎ ከዚያ በላይ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋሻል። ካታሎግ አትመኑ ነው የምለው።

ብረቱ ብረት ነበር ለሚለው ብዙ አልደክምም። በ2009 የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የደህንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርንና የ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡን ፊት ለፊት አጋጨ። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ። ቪዲዮው አለ፤ ፈልጉት። ቤል ኤሩ በነጂ ፋንታ አሻንጉሊት ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ድረስ ታጥፎ ገባ። ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይሞት ነበር። የማሊቡ ነጂ እግሩን ይጎዳ እንደሆን እንጂ ይወጣል። ወፍራም ብረት ሰውን አያድንም፤ ሰውን የሚያድነው በልክ የሚታጠፍ ብረት ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ቀስ ብሎ ለመነካካት ከሆነ ግን የድሮው ኒኬል ፓራውልት ያሸንፋል፤ ይሄን ይውሰዱት።

ሜሪላንድ ውስጥ እሁድ ጠዋት የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ አለ። እዚያ አንድ ሽማግሌ የ1966 ጂቲኦ አላቸው። ተግባባንና አንድ ቀን ቁልፉን ሰጡኝ። ሞተሩ ሲነሳ ወንበሩ ሥር ይሰማሃል፤ ስለ ድምፁ ጸሐፊው የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ቃል አልቀንስም። ከዚያ ፍሬን ያዝኩ። አራቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ ዲስክ ፍሬን ለጂቲኦ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። አንደኛው መብራት ላይ ቆመ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ዘገየ። ቁልቁለቱን ወርደን ሦስተኛው ላይ ስደርስ ፔዳሉ ጠልቆ ገባ፣ የሸራው ሽታም ውስጥ ድረስ መጣ። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አፍጥጬ የማየው የመሪውን ዘንግ ነበር፤ እንደ ጦር ደረቴን አነጣጥሮ የቆመ አንድ ወጥ ብረት። በግጭት ጊዜ ተሰብስቦ የሚገባ የመሪ ዘንግም በ1967 ነው የመጣው።

ወደ ማዕቀቡ እንምጣ። ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ይሄን ነው፣ አብዛኛው ሰውም እንደሳቸው ያምናል።

እኛ ይህን ታሪክ ለማመን ቅርብ ነን፣ ምክንያትም አለን። ከማዕቀቡ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በግማሽ ጨመረና በየካቲት 1966 በኛ አቆጣጠር ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ነዳጅ መንግሥት ሲነቀንቅ ያየ ሕዝብ፣ ነዳጅ መኪና ገደለ ቢሉት ለምን አያምንም?

ግን ቀኑን ከሽያጩ ጋር እናስተያየው። ማዕቀቡ የተጣለው ኦክቶበር 1973 ነው። የጂቲኦ ሽያጭ በ1966 ወደ 97 ሺህ ነበር። በ1969 ወደ 72 ሺህ ወረደ። በ1970 40 ሺህ። በ1971 10,500 ገደማ። በ1972 ስድስት ሺህ አልሞላም፣ በ1973 ሞዴል አምስት ሺህ አልሞላም። የ1973 ሞዴል ደግሞ ተሸጦ ያለቀው ማዕቀቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ባራኩዳም በ1970 ከ50 ሺህ በላይ ተሸጣ በ1971 ከ20 ሺህ በታች ወርዳለች። ዝነኛው የክራይስለር ሄሚ ሞተር በ1971 ተቋረጠ። ነዳጅ በርካሽ እየተቀዳ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

እና ማን ገደለው? አንደኛው ኢንሹራንስ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያዎቹ የመኪናውን ክብደት ለፈረስ ጉልበቱ እያካፈሉ ማስላት ጀመሩ። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ጂቲኦ ሲገዛ የሚጠየቀው ክፍያ ከመኪናው ወርኃዊ ዕዳ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ ነበር። ጂቲኦ ደግሞ የተሠራው ለማን ነበር? ለዚሁ ልጅ። ሁለተኛው ጭሱ ነው። በ1970 ማብቂያ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የአየር ንጽሕና ሕግ የመኪና ጭስ በአምስት ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ጄኔራል ሞተርስም በ1971 ሞዴል የሞተሮቹን ሁሉ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቁበትን መጠን አወረደ፤ እርሳስ ባነሰበት ቤንዚን እንዲሠሩ። ኮምፕሬሽን ሲወርድ ጉልበት አብሮ ይወርዳል።

ማዕቀቡ ምንም አላደረገም አልልም። በጃንዋሪ 1974 በሰዓት 55 ማይል የሚለው የፍጥነት ገደብ የተፈረመው በሱ ምክንያት ነው። ባራኩዳ በኤፕሪል 1974 ስትቋረጥ የመጨረሻውን ምት የመታት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ልክ በአሥረኛ ዓመቷ። በ1975 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግም የሱ ልጅ ነው።

ግን አንድ ቁጥር ጸሐፊው እንዲያስረዱኝ እፈልጋለሁ። የነዳጅ ወረፋው በነበረበት በ1974 ሞዴል የጂቲኦ ሽያጭ ጨመረ፤ ከሰባት ሺህ አለፈ። ሌላዋ ፖንቲያክ ትራንስ አም በ1973 አምስት ሺህ አልሞላችም ነበር። በ1974 ከአሥር ሺህ በላይ ሆነች። በ1975 27 ሺህ። ጉልበቷ ቀንሶ ነበር፣ ያ እውነት ነው። ትልቁ 7.5 ሊትር ሞተር በ1975 የተጣራ 200 ፈረስ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ጉልበቱን ጭሱና ኢንሹራንሱ ቀድመው ወስደውታል። ገዢው ግን አልሄደም። በ1979 የኢራን አብዮት ተነሥቶ የቤንዚን ወረፋ እንደገና ማደያዎቹን ሲከብ፣ ፖንቲያክ በዚያው ዓመት ከ117 ሺህ በላይ ትራንስ አም ሸጠ፤ በታሪኳ ያን ያህል ተሸጣ አታውቅም። ኮፈናቸው ላይ ክንፏን የዘረጋች ትልቅ ወፍ የተሳለችባቸው ስንቶቹ ወረፋው ላይ እንደቆሙ መገመት አያዳግትም።